መኪናችሁ ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ

ለሠርግም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የምትጓዙ ባልና ሚስት ጥቂት አይደላችሁም። በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። ጎሃ ጽዮንን አልፋችሁ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ትሻገራላችሁ፤ ከዚያ እስከ ደጀን በ20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ። መኪና የደበቀው ሕመም ካለው የሚያወጣው እዚህ ነው።

ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል፤ ዕቃው ሞልቷል። ደኅና ሲወጣ የነበረው መኪና በድንገት አልሄድ ይላል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብትረግጡትም ከ2,000 ወይም ከ3,000 ዙር አያልፍም። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምስል ያለበት ቢጫ መብራት በርቷል። ባል «ሞተሩ አለቀለት» ይላል፤ ሚስት ደግሞ «ይህን መኪና ሽጠው ብዬህ ነበር» ትላለች።

እስቲ ሁለታችሁም ቆይ በሉ። የሞተሩ ኮምፒውተር ከአንዱ ሴንሰር ትክክል ያልመሰለው ቁጥር ሲደርሰው፣ ሞተሩ እንዳይጎዳ ጉልበቱን ሆን ብሎ ይቀንሳል። ውዱ የስፖርት መኪናም፣ የናፍጣ ፒክ አፑም፣ አዳዲሶቹ ሚኒባሶችም ይህን ያደርጋሉ። የቀነሰበትን ምክንያት ደግሞ በኮድ መዝግቦ ያስቀምጠዋል።

ከፍታም ብቻውን ጉልበት ይወስዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ ቢቸናና ሞጣ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። አሮጌ መኪና እዚያ ቢያለከልክ አይገርምም። ይህ ግን ከፍታው በጨመረ ቁጥር ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ መብራትም አያበራም። በድንገት ከመጣ፣ መብራት ካበራ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ስታስነሱት ለጥቂት ጊዜ ከተሻለው፣ ጉልበቱን የያዘው ኮምፒውተሩ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ «ተሻለው» በሚለው ነው። አጥፍቶ ያስነሳል፣ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ዳገት ላይ ይደገማል። ቀይ የዘይት መብራት ከበራ ወይም የሙቀቱ ጌጅ ቀዩን ከነካ ዳር ይዛችሁ ወዲያው ቁሙ። ቢጫው ብቻ ከሆነና ሙቀቱም ደኅና ከሆነ፣ በከባድ ማርሽ ቀስ ብላችሁ እስከ ደጀን መድረስ ይቻላል። በዚያ ጉልበት ግን የጭነት መኪና ለመቅደም መሞከር ቤተ ሰብን ለአደጋ መስጠት ነው። ከኋላ የሚመጣውን አሳልፉት።

በናፍጣ መኪና ላይ ዳገት ብቻ ጠብቆ የሚመጣ ጉልበት ማጣት ሲያጋጥም እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የናፍጣ ፊልትሮውን ነው። በሜዳ ላይ ሞተሩ ትንሽ ስለሚጠጣ በቆሸሸ ፊልትሮ የሚያልፈው ይበቃዋል፤ ዳገት ላይ ብዙ ሲፈልግ ግፊቱ ይወርዳል። ኮዱ ፒ 0087 ከሆነ የነዳጅ ግፊት አነሰ ማለት ነው። ከጄሪካን የተገዛ ናፍጣ ቀድታችሁ ከነበረ ጥርጣሬው ይበረታል። በቶዮታ ዲ ፎር ዲ ሞተሮች ላይ ደግሞ ፖምፓው ላይ ያለችው የናፍጣ መጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ አንዳንዴ ትይዛለች። ፒ 0299 ከሆነ ቱርቦው በቂ አየር አልገፋም ማለት ነው፤ የፉጨት ድምፅና ጥቁር ጭስ ካለበት የተቀደደ ወይም ከቦታው የወጣ የአየር ቱቦ ይፈለግ። ይህ ቱርቦ ከመቀየር በፊት ነው! ኮድ የቱ ጋ እንደሚፈለግ ይጠቁማል እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይናገርም።

«ባትሪውን ፍታውና ይስተካከላል» የሚል መካሪ መንገድ ላይ አይጠፋም። ኮዱ ሳይነበብ አትፍቱ። ኮምፒውተሩ ከኮዱ ጋር የዚያችን ደቂቃ ፍጥነት፣ ዙርና የሞተር ሙቀት ይይዛል፤ ባትሪው ሲፈታ ይህ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። አሮጌ መኪና ስትገዙም ባትሪው ትናንት የተፈታ ከመሰላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

ከሁለታችሁ የማይነዳው ሰው እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ አለው። የዳሽቦርዱን ፎቶ በስልክ ያንሳ፤ በስንተኛ ማርሽ እንደነበር፣ የጭሱን ቀለም፣ ናፍጣው የት እንደተቀዳ ይጻፍ። ጋራዥ ስትደርሱ ወረቀቱን ከኮዱ ጋር ለመካኒኩ ስጡት። ኢንጀክተር ይቀየር ካላችሁ፣ መጀመሪያ ፊልትሮው ይፈታ በሉ፤ ሲፈታም አጠገቡ ቁሙ። በውስጡ ያለውን ናፍጣ ቀለም በሌለው ጠርሙስ አስቀዱና ጥቂት አቆዩት። ውኃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል፤ በዓይናችሁ ትለዩታላችሁ።