ካርድ ሳታወጣ “ድምፄ ተሰረቀ” አትበል!

ወገን፣ ምርጫ ቦርድ በ2013ቱ ምርጫ የምዝገባውን ጊዜ ያራዘመው በትርፍ አልነበረም። ብዙ ጣቢያ በጊዜው አልተከፈተም፤ በተከፈተውም ሰው እንደሚገባው አልወጣም። እኛ ደግሞ እዚህ ፌስቡክ ላይ ምርጫውን ማን ያሸንፋል እያልን እንከራከራለን። ካርድ የሌለው ሰው በምርጫው ቀን ቤቱ ነው የሚውለው!

ማጭበርበር ሲባል ሁላችንም የሚታየን ኮሮጆ ነው። ኮሮጆው ጋ ሳይደርስ በር ላይ የሚቀር ድምፅ ግን አለ። ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣች እናት “መዝጋቢው የለም፣ ነገ ነይ” ከተባለች አትመለስም። ማንም አልከለከላትም፣ ግን ተከልክላለች።

ከቀዬው ተፈናቅሎ መጠለያ ያለው ወገናችንስ? መታወቂያው ከነቤቱ የተቃጠለበት አለ። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለተፈናቃዮች ልዩ ምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ስለዚህ ምፅዋት አይደለም የምንጠይቀው። ጣቢያው መቼ ይከፈታል? መታወቂያ የሌለው በምን ይመዘገባል? መልስ እንፈልጋለን።

ስራ ባይኖረን ጊዜ አለን (እሱን እንኳ አልነፈጉንም)። የሰፈርህን ጣቢያ ሄደህ እይ። ክፍት ነው? መዝገብና ካርድ አለ? አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ይገባበታል? ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጣቢያውን ስም ፅፈህ ለምርጫ ክልሉ ጽ/ቤት አመልክት፤ ለእኛም በውስጥ መስመር ላክ። አስፈፃሚውን እንዳትሳደብ። ያላየኸውንም “ተዘግቷል” ብለህ አትፖስት፤ የውሸት ወሬ ራሱ ሰውን ቤት ያስቀራል።

አንቺም እህቴ፣ 18 ሞልቶሽ በምርጫ ክልሉ 6 ወር ከኖርሽ ምዝገባ ሲከፈት ሄደሽ ተመዝገቢ። እማማንም ይዘሻቸው ሂጂ።