ዐዋጁ የት ይነበባል?

በቀድሞው ዘመን ዐዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነበር። ገበያ በሞላበት ቀን ዐዋጅ ነጋሪው ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ የመንግሥትን ቃል ያሰማል፤ የሰማም ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዛል። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከበሮ ነው። ስሙ ተወሰደ፣ ድምፁ ግን ቀረ። ነጋሪቱ ፊደል ላልቆጠረው ሁሉ ይደርስ ነበር፤ ጋዜጣው ግን ፊደል ለቆጠረውም ሳይደርስ ከጽሕፈት ቤት ሣጥን ውስጥ ያረጃል።

ለአብነት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው እንፍራንዝ ትወሰድ። ከከተማዪቱ አቅራቢያ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ጣናን ቁልቁል እያየ ቆሟል። የመንግሥት ቃል ከዚያ አምባ ላይ ወደ ገበሬው ይወርድ ነበር። ዛሬ የዚያው አገር ገበሬ ኑሮ በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 252/2009 ሥር ነው። ዐዋጁ የታተመው በክልሉ ምክር ቤት ልሳን፣ በዝክረ ሕግ ነው። እንግዲህ ባልዋ የሞተባት አንዲት የጣና ዳር ገበሬ ይዞታዋን ዘመድ ተጋፋባት እንበል። የእርሷና የሟች ባሏ ስም በይዞታ ማረጋገጫው ደብተር ላይ በአንድነት ሰፍሯል። ደብተሩ በእጇ ነው፤ ደብተሩን ያስገኘው ሕግ ግን በእጇ አይደለም። ምን እንደሚል ለማወቅ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ወደ ተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ትሄዳለች፤ እርሱም የነገሩትን ይነግራታል። ጸሐፊው የሰማው ከሌላ ጸሐፊ ነው። ውኃው ሲሸሽ ብቅ የሚለው የባሕር ሸሽ መሬት የማን እንደሆነ የሚከራከሩትም ጎረቤታሞች ዕጣቸው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ክርክሩ በሕግ ሳይሆን በወሬ ይካሄዳል።

ይህ እንዲህ ሲሆን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ ይቅርታን እንደማያሰጥ ደንግጓል። ድንጋጌው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ያለ እርሱ ሕግ የሚባል ነገር አይቆምም። ነገር ግን ዜጋው እንዲያውቅ የሚያስገድድ መንግሥት የሚያውቅበትን ቦታ የማዘጋጀት ዕዳ አለበት። ያ ቦታ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሌላ ቦታ የለም።

ይህን የሚሰማ አንዳንድ የቢሮ ሹም ወዲያው ሕግ ጠቅሶ ይመልሳል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ተጽፏል፤ አንቀጽ 29ም መረጃ የማግኘትን ነጻነት ያውቃል፤ በዐዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ተፈቅዷል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ታዟል፤ ታዲያ ምን ቀረ? ይላል። የቀረው ዋናው ነው። የማያውቁትን ሰነድ በስሙ ጠርቶ መጠየቅ አይቻልም። ዐዋጁ ለጠያቂው በር ከፈተለት እንጂ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ አላሳየውም። ሰው የሚፈልገውን የሚያገኘው ከማይፈልገው ጋር ተደርድሮ ሲያየው ነው፤ ይህንንም የሚያደርግ መደርደሪያ እንጂ ማመልከቻ አይደለም። በሰላሳኛው ቀን የሚመጣ መልስ ደግሞ ነገ ችሎት ለሚቆም ሰው ምን ይፈይደዋል?

ሰነድን ጠብቆ ማቆየት በጣና ዳር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራል። የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የምስክሮች ስም፣ የወሰን ምልክት በወንጌላትና በሌሎች ቅዱሳት መጻሕፍት ሕዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ንጉሥ ይለወጣል፣ ግብር ሰብሳቢ ይሻራል፣ ቤተ መንግሥት ይፈርሳል፤ ወንጌሉን ግን የሚነካ አይገኝም፤ ስለዚህም የመሬቱ ቃል ከወንጌሉ ጋር ይኖራል። ሙግት በተነሣ ጊዜ መጽሐፉ ይወጣል፣ የተጻፈውም ይታያል። ዛሬ የጎንደርን ዘመን የመሬት ሥሪት የሚያጠኑ ሊቃውንት ዋነኛ ምንጫቸው እነዚህ ሕዳጎች ናቸው። ይህ ሁሉ የተሠራው ያለ በጀትና ያለ መመሪያ ነው።

የመጽሐፍና የሥልጣን ዝምድና እስከ ምን እንደሚደርስ ለማወቅ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ደብዳቤ ማስታወስ ይበቃል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከዘረፋቸው መጻሕፍት መካከል አንድ ክብረ ነገሥት ነበረ። ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ጽፈው መልሱልኝ ሲሉ ምክንያታቸው ጸሎት ወይም ቅርስ አልነበረም፤ መጽሐፉ የአገሪቱን ሕግ፣ የሹማምንቱንና የአብያተ ክርስቲያናቱን ስም የያዘ ስለሆነ ያለ እርሱ ሕዝቡ አይታዘዝልኝም የሚል ነበር። መጽሐፉም ተመለሰ። ንጉሡ የተረዱትን ነገር ዛሬ የብዙ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አልተረዳውም፤ ያለ ሰነድ የሚገዛ በቃሉ ላይ ይቆማል፣ ቃል ደግሞ ይካዳል።

ይሁንና ገዳማቱን ማሞገስ ብቻ ትክክል አይሆንም። በእነርሱ ዘንድ መጠበቅ እንጂ ማንበብ ለሁሉ አልነበረም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ በአንዳንዱ ደሴት ሴት ልጅ እግሯን እንኳ አታሳርፍም። ኧርንስት ሐመርሽሚት የተባለ የውጭ አገር ምሁር በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጣና ገዳማትን ብራናዎች ፎቶግራፍ አንሥቶ ዝርዝራቸው በ1973 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ ከጣና ባሻገር ያለውን ሐይቁን በየቀኑ ከሚያየው መምህር ይልቅ በአውሮፓ ያለ ተማሪ በቀላሉ የሚያውቀው ሆነ። ሐመርሽሚት ሊወቀስ አይገባውም፤ እርሱ ሥራውን ሠራ። የሚወቀሰው የራሱን ማኅደር በራሱ ልጅ ፊት ቆልፎ የሚኖር ልማድ ነው። ይህ ልማድ ከገዳሙ ዕቃ ቤት ወደ ዘመናዊው ቢሮ በቀጥታ ተሻግሯል። ልዩነቱ የገዳሙ ዕቃ ጠባቂ ምን እንዳለው ማወቁ ነው።

ሌላው መከራከሪያ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ይገኛል የሚል ነው። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ የተቀመጡ ናቸው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በድረ ገጽ ብቻ የተቀመጠ ሕግ ለክልሉ ነዋሪ እንዳልወጣ ሕግ ሆኖ ነበር። ወረቀትም ቢሆን በአንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ ዋስትና የለውም፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወሎ የስንቱ መሥሪያ ቤት መዝገብ በጎዳና ላይ እንደተበተነ ያየ ያውቃል። በብዙ ቦታ፣ በብዙ ቅጂ፣ በወረቀትም በኤሌክትሮኒክስም የተቀመጠ ግን በአንድ ቃጠሎ አይጠፋም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1813 እ.ኤ.አ. የምክር ቤቱ ሰነዶች ከዋና ከተማው ውጭ ላሉ ቤተ መጻሕፍት እንዲታደሉ ወስኗል፤ ያ አሠራር እያደገ ዛሬም ይሠራል። በእኛ አገር አሳታሚ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ እንዲያስገባ በደርግ ዘመን መጀመሪያ ታውጇል፤ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም በዐዋጅ ቁጥር 179/1991 በሕግ ተጠናክሯል። ሁሉም ወደ መሐል ይገባል፤ ከመሐል ወደ ዳር ግን የሚወጣ የለም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት ብዙ ተደስቷል፣ ደስታውም ተገቢ ነው፤ እንፍራንዝ ግን ከዚያ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ትርቃለች።

ከሁሉ የከፋው ሕዝቡ አያነብም የሚለው ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ አዛውንት በኩራዝ ብርሃን ፊደል ሲቆጥሩ፣ የየቀበሌው ማንበቢያ ቤትም ሲከፈት ሕዝቡ ማንበብ እንደሚወድ ታይቷል። ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር ያልሰጠው ማን ነው? በየማንበቢያ ቤቱ የተደረደረው የመሪ ንግግርና የፓርቲ መጽሔት ነበር፤ ገበሬው ግን ስለ ግብሩና ስለ መሬቱ ማንበብ ይፈልግ ነበር። ስብከትን ከመረጃ ያልለየ ቤተ መጻሕፍት አንባቢ ቢሸሸው ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። ይህን ካድሬው ልብ ሊለው ይገባል።

ኪነ ጥበብ ሰውም ከዚህ ነጻ አይደለም። ስለ ዐዋጅ የዘፈነ፣ ስለ ልማት ተውኔት የሠራ ስንቱ የኪነት ቡድን ዐዋጁን ወይም ዕቅዱን ራሱ አንብቦ ነበር? ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በጣና ላይ ስለ ተንሰራፋው እምቦጭ ብዙ ግጥም ተገጥሟል፣ ብዙ ሥዕል ተሥሏል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩት ጥናቶች ግን ገጣሚው ሊገባበት በሚችል አንድ ክፍል ተሰብስበው ቢገኙ ኖሮ ልቅሶው ወደ ጥያቄ በተለወጠ ነበር። የደራሲ ብዕር የሚሳለው በሰነድ ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። የዝክረ ሕግና የነጋሪት ጋዜጣ እያንዳንዱ እትም፣ የወረዳው በጀትና የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ በሦስት ቅጂ ለወረዳው ቤተ መጻሕፍት ይግባ፤ አንዱ ይጠበቅ፣ ሁለተኛው በቦታው ይነበብ፣ ሦስተኛው ለትምህርት ቤቶች በውሰት ይዙር። ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ቁልፍ ያዥ ሳይሆን መሪ ይሁን፤ የመጣችውን ገበሬ «ምን ልርዳሽ፣ እመት?» ብሎ ገጹን ገልጦ የሚያሳይ። በገበያ ቀንም አዲስ የወጣው በአማርኛ ጮክ ብሎ ይነበብ፤ ነጋሪቱ እንኳ ይህን ያህል አልነፈገም።

በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ያንዱ ዋጋ» ከሚለው ጋር የፖስታ ሣጥን ቁጥር ታትሞ ይታያል፤ ገንዘብ ያለው የት እንደሚጽፍ ተነግሮታል። ገንዘብ የሌለው የት እንደሚያነበው ግን በዚያ ገጽ ላይ አልተጻፈም። አንዲት መስመር ብቻ የምትበቃ ባዶ ቦታ ከግርጌው አለች።