አራት ዓመት አይበቃም



ፀሐይ ያለማቋረጥ ትርገበገባለች። ከገጽታዋ ሥር የሚንተከተከው ጋዝ የድምፅ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሞገዱም ሆዷ ውስጥ እየተመላለሰ ገጽታዋን በየ5 ደቂቃው ገደማ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ይህን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሮበርት ሌይተንና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ፣ ማውንት ዊልሰን ላይ ደረሱበት። በኋላ ደግሞ በ11 ዓመቱ ዑደት ጥቁር ነጠብጣቦቿ ሲበዙ፣ መግነጢሳዊ ጉልበቷም ሲያይል፣ ንዝረቱ እንደሚፈጥን ታወቀ። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከ5 ደቂቃው የሚቀነሰው 4 መቶኛ ሰከንድ ያህል ነው። በዚያው ጊዜ ንዝረቱ ይዳከማል፤ መግነጢሱ የጋዙን መንተክተክ ያፍነዋልና።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይኸው ምልክት ለሩቅ ኮከብም መሥራቱ ነው። ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ከዚህ ሲያዩት አንዲት የብርሃን ነጥብ ነው፤ ነጠብጣቡን ቆሞ የሚቆጥርለት የለም። ሆኖም በ2010 ተመራማሪዎች ኮሮት በተባለው ሳተላይት መረጃ ኤችዲ 49933ን መርምረው የንዝረቱ ፍጥነት ሲጨምር ጉልበቱ ሲቀንስ አገኙት። ይህ ኮከብ በ3.4 ቀን አንዴ ይሽከረከራል፤ ፀሐይ ዓመታት የሚፈጅባትን ለውጥም በወራት ውስጥ አሳይቷል።

ዝግተኞቹ ኮከቦች ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አንድ የሰማይ ክፍል ላይ ያፈጠጠው ከ2009 እስከ 2013 ነበር፤ የ11 ዓመት ዑደት በዚያ ውስጥ አይሞላም። ኬአይሲ 8006161ን ይውሰዱ። በክብደትም በዕድሜም ለፀሐይ ይቀርባል፤ ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የከበዱ ንጥረ ነገሮች ግን እጥፍ አሉት። ዑደቱ 7.4 ዓመት ሲሆን ከፀሐይ ዑደት እጅግ ይበረታል። ይህ ሊታወቅ የቻለው ኬፕለር ከመነሳቱ በፊት ጀምሮ ምድር ላይ ያሉ ቴሌስኮፖች ብርሃኑን ይመዘግቡ ስለነበር ነው። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ በእጃችን የሚቀረው የዑደቱ ግማሽ ብቻ ነበር።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል፤ በ1859 የፀሐይ ማዕበል የቴሌግራፍ መስመሮችን አውኳል። የእኛ ፀሐይ ከእኩዮቿ ጭምት ትሁን ቁጡ፣ እሷን ብቻ በማየት አይለይም። የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት በ26 ካሜራዎች ያዘጋጀው፣ እኩዮቿን የሚያየው የጠፈር ቴሌስኮፕ ፕላቶ መጀመሪያ የታቀደለት ሥራ የ4 ዓመት ነው፤ ስንቁ ግን ለ8 ዓመት ይበቃል። ስለ ድርጅቱ በጀት ድምፅ ያለዎት አንባቢ፣ ስምንቱንም ዓመት እንዲሠራ ይሟገቱለት።