ሰማንያው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ

ውድ እናቶች፤ በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ብዙዎቻችን የአዛውንቶች በሽታ ብቻ አድርገን የምናየውን፣ ነገር ግን ከሕፃናት ጋር አብሮ ሊወለድ የሚችለውን የዐይን ሞራ ነው። በአረጋዊ ዐይን ላይ የወጣ ሞራ ዓመት ቢቆይም አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶ ብርሃን ይመለሳል። የሕፃን ነገር ግን ይለያል። ሕፃን ማየትን የሚማረው በዐይኑ ብቻ ሳይሆን በአንጎሉ ጭምር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠራ ብርሃን ካልደረሰው አንጎሉ በዚያ ዐይን መጠቀምን ሳይለምድ ይቀራል፤ ሞራው ኋላ ቢወጣለትም እይታው እንደሚገባ አይስተካከልም። ስለዚህም ሐኪሞች ብሌንን የሸፈነ ሞራ በአንድ ዐይን ብቻ ከሆነ በ6ኛው፣ በሁለቱም ከሆነ በ8ኛው ሳምንት ገደማ እንዲወጣ ይመክራሉ።

እንግዲህ ይህን ቁጥር ከልማዳችን ጋር አስተያዩት። በብዙ ቤት አራስ ክርስትና እስኪደርስ ከቤት አትወጣም። ለወንድ 40 ቀን፣ ለሴት 80 ቀን ነው። ሰማንያው ቀን 11 ሳምንት ከመንፈቅ ይሆናል። ሴት ልጅ ክርስትናዋ እስኪደርስ ከተጠበቀች ሐኪሙ የሚፈልገው ጊዜ አልፏል ማለት ነው።

በየካ ሚካኤል አካባቢ የምትኖር አንዲት ሠራተኛ እናት የገጠማት ይኸው ነበር። ሕፃኗን በመስኮት ብርሃን ስታጠባ በሁለቱም ብሌኖቿ ላይ ነጭ ነገር አየች። ጎረቤቶች ብርድ ነው አሏት፤ የጡት ወተት ጠብ እንድታደርግባት መከሯት። ታላላቆቹም አራስ መሆኗን አስታውሰው ሰማንያዋ ይድረስና ትወስጃታለሽ አሉ። ሁሉም በፍቅር የተናገሩት ነው። እርሷ ግን ለ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ በሄደችበት ዕለት ለነርሷ አሳየች። ነርሷ በባትሪ ተመልክታ ሳትውል ሳታድር ወደ ዐይን ሐኪም ላከቻት።

ሕፃኗ በ50ኛውና በ57ኛው ቀኗ ሁለቱን ዐይኖቿን ተራ በተራ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። እናትየው እንደምትናገረው ከሁሉ የከበዳት ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ንጋት ነው። ልጅ እየራባት ታለቅሳለች፣ ጡት በወተት ተወጥሯል፣ ማጥባት ግን ተከልክሏል። ቀጥሎም ልጅን በሰው እጅ ሰጥቶ ኮሪደር ላይ ባዶ ማዘያ ይዞ መቀመጥ አለ። ይህን ያላየች እናት በቃል ልትረዳው ያዳግታታል።

ክልከላው ግን ምክንያት አለው። ሕፃን ለእንዲህ ያለው ሕክምና ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። በሆዱ ወተት ካለ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባና አደጋ ሊያደርስ ይችላል። በተለመደው አሠራር የእናት ጡት ከማደንዘዣው 4 ሰዓት፣ የላም ወይም የቆርቆሮ ወተት 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል። ሐኪማችሁ የሚነግራችሁን ሰዓት ጠብቁ። በእንባው ተሸንፋችሁ በስውር አታጥቡ፤ አጥብታችሁ ከሆነም ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ቀጠሮው ቢራዘም ይሻላልና።

ውድ አባቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው። አራስ ሴት ብቻዋን ካርድ ማውጣት፣ መድኃኒት መግዛትና ልጅ መያዝ አትችልም። ወረፋው የእናንተ ይሁን። ጎረቤትም ገንፎ ይዞ ከመጠየቅ አልፎ በቤት የቀሩትን ልጆች ይያዝላት። ለሠራተኛ እናቶች በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይፈቅዳል። ሐኪሞች የሚፈልጉት ጊዜ በዚሁ ፈቃድ ውስጥ ስለሚውል ሥራዬን አጣለሁ በሚል ስጋት ሕክምናውን አታዘግዩት።

ሞራው ወጣ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የዐይን ጠብታው በሰዓቱ ይደረጋል። በሕፃንነት ዕድሜ ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ሌንስ ስለማይገባ ወፍራም መነጽር ይታዘዛል፤ ሕፃን መነጽር አደረገች ብሎ የሚስቅ ቢኖር ይሳቅ። የታመመው አንድ ዐይን ብቻ ከሆነ ደህናው ዐይን በቀን ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል፤ ደካማው እንዲሠራ ነው። የዐይን ግፊት ከዓመታት በኋላም ሊጨምር ስለሚችል ቀጠሮ አይታለፍም።

ምክንያቱን የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። አንዳንዱ በዘር ይወረሳል፤ አንዳንዱ እናት በእርግዝናዋ ሩቤላ የሚባለው ኩፍኝ መሰል በሽታ ሲይዛት ይመጣል፤ የብዙው ምክንያት ግን አይገኝም። ቡዳም፣ የእናት ኃጢአትም አይደለም። ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ፤ ነገር ግን ለሐኪም የተሰጠውን ቀን አታሳልፉበት። በብሌን ላይ የሚታይ ነጭ ነገር አልፎ አልፎ የዐይን ካንሰር ምልክትም ስለሚሆን መመርመሩ የግድ ነው።

በየካና በአካባቢው ለምትኖሩ በአፄ ምኒልክ ስም የተሰየመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዚያው በየካ ክፍለ ከተማ ይገኛል። በዐይን ሕክምናው የታወቀ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የዐይን ሐኪሞችን የሚያሠለጥንበት ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ ልጃችሁን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ብሌኗን ተመልከቱ። ጥቁር መሆን ያለበት ነጭ ከመሰለ፣ በፎቶግራፍ ላይ አንዱ ዐይን ነጥቶ ከታየ፣ ወይም ሕፃኗ 3 ወር ሞልቷት ፊታችሁን በዐይኗ ካልተከተለች፣ ነገ ሳትሉ ለሐኪም አሳዩ። የክርስትናው ድግስ ይደርሳል፤ ያለፈ ሳምንት ግን አይመለስም።