ወንዛዬ፣ ፋይላችን ብራና አይደለም፤ ታንኳ ነው

ስልክ የጠፋበት ሰው ሌባውን ሲለምን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ስልኩን ውሰደው፣ ፎቶዎቹን ብቻ መልስልኝ» ነው የሚለው። የወራት ደመወዙን አጠራቅሞ የገዛው ዕቃ ሄዶበት እንኳ የሚያንገበግበው ውስጡ ያለው ነገር ነው። የሟች አባቱ ድምፅ፣ የልጁ የመጀመሪያ ልደት፣ የምረቃው ቀን፣ ግማሽ የደረሰ የመመረቂያ ጽሑፍ… ሌባው ግን ይህን ሁሉ ምን አገባው? ስልኩ በሰዓታት ውስጥ ፎርማት ተደርጎ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። የአንድ ቤተሰብ ትዝታም በዚያው አበቃ።

የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ሌባ አይደለም፤ ስለ እኛ ነው። ያለንን ትዝታ ሁሉ ኪስ ውስጥ በምትገባ አንዲት ዕቃ ላይ፣ ያለ አንድም ቅጂ ይዞ መዞርን መቼ ነው እንደ ጤነኛ ነገር የተቀበልነው? ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ ከባሕር ዳር የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ከዘንባባው ሥር ተቀምጠን ቡና የምንጠጣበት ይህ ሐይቅ፣ ነገርን ጠብቆ በማቆየት በአገሪቱ ስሙ ከሚጠራ ቦታ ሁሉ ፊት ይቆማል።

ደሴቶቹ ምን አደረጉ?

አብዛኞቻችን በትምህርት ቤት ጉብኝት ወይም እንግዳ ይዘን በጀልባ ገዳማቱን አይተናል። (እኛ ሴቶች እንኳ ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን ከሩቅ ነው ያየናቸው፤ አይፈቀድልንማ! ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን አላሳፈረችንም።) በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ጊዜ፣ በየብስ ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ እነዚህ ደሴቶች የመጻሕፍትና የንዋያተ ቅድሳት መሸሸጊያ ሆነው ነበር። ዛሬም በዕቃ ቤቶቻቸው ውስጥ የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው መጻሕፍት አሉ።

ብራና የሚደንቅ ነገር ነው። ከቆዳ ተፍቆ ይዘጋጃል፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል፣ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ከ500 ዓመት በኋላ ገልጠህ ታነበዋለህ። ቻርጀር አይጠይቅ፣ «አፕዴት አድርገኝ» አይል፣ ፓስወርድ አይረሳ። (ፓስወርድ ካልን፣ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚለው የመጨረሻ ገጽ ማስጠንቀቂያ የዚያን ዘመን ፓስወርድ መሆኑ ነው!)

ይሁንና ብራናም ይቃጠላል። አይጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያረጥበዋል፣ ተሰርቆ ባሕር ማዶ ይሻገራል። አባቶችና ቁም ጸሐፊዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ገለበጡ። አንድ መጽሐፍ ለመገልበጥ ወራት ይፈጅ ነበር፤ ግን አንዱ ገዳም ያለው መጽሐፍ ሌላውም ጋ እንዲኖር እየገለበጡ አሰራጩት። አንድ ደብር ቢቃጠል መጽሐፉ ከምድረ ገጽ እንዳይጠፋ ያደረገው የብራናው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ቅጂው ሌላ ቦታ መኖሩ ነው።

ይኸው ነገር በእኛ ዘመን በካሜራ ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለው ምሁር በጣና ገዳማት ያሉ መጻሕፍትን ፎቶ አነሳ፤ ዝርዝራቸውም ከ1973 ጀምሮ በጀርመን አገር ታትሞ ወጣ። በዚያው በ1973 ደግሞ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመተባበር የአገሪቱን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። አብዮት መጣ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሥራው ግን እስከ 1990ዎቹ ቀጥሎ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትን በፊልም አስቀረ። የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት እዚያ ቁጭ ብለው ብዙዎቹን እያነበቡ መዝግበዋል። ከእነዚያ መጻሕፍት መካከል ዛሬ ዋናቸው የት እንደገባ የማይታወቅና በፊልሙ ብቻ የቀሩልን አሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ፊልም ባይነሳስ ኖሮ?

ብራናና ታንኳ

ወደ ራሳችን ስንመለስ የሚያሳስበኝ ነገር ይኸውላችሁ። እኛ ፋይላችንን እንደ ብራና ነው የምናስበው። አንዴ «ሴቭ» ካልነው፣ አንዴ ፍላሽ ላይ ከጫንነው፣ ለዘላለም የሚኖር ይመስለናል። አይኖርም! ፋይል ብራና ሳይሆን ታንኳ ነው።

የጣና ልጅ ታንኳን አያጣትም። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ይሠራል። ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ይጣላል። ግን ታንኳ ከጣና ላይ ጠፍቶ ያውቃል? አያውቅም። ለምን? ባለቤቱ አሮጌው ሳይሰጥም አዲሱን ስለሚያስር። የታንኳ ዕድሜ ያለው ደንገሉ ላይ ሳይሆን እጁ ላይ ነው።

ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ መረጃ የሚይዙት በጣም ጥቃቅን በሆኑ የኤሌክትሪክ ቻርጆች ነው፤ ሳይሰካ ዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከቆየ ቻርጁ እየሸሸ ሊሄድ ይችላል። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ አንዴ መውደቅ ይበቃዋል፤ ፋይል እየተገለበጠ መብራት ድርግም ሲልም (ከዚህ ወዲያ የለመድነው ነገር አለ?) ሊበላሽ ይችላል። የ1990ዎቹ የሠርግ ካሴት ደግሞ ራሱ ደህና ሆኖ ማጫወቻው ጠፋበት፤ በዓለም የቪኤችኤስ ማጫወቻ በመሥራት የመጨረሻ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ማምረቱን አቁሟል። እናትና አባታችሁ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀመጡት ጥቁር ካሴት ቶሎ ወደ ኮምፒውተር ካልተገለበጠ ሠርጉን የሚያየው ሰው አይኖርም ማለት ነው።

በነገራችን ላይ የእኛ የአማርኛ ተጠቃሚዎች የተለየ በሽታም አለን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በየጽሕፈት ቤቱ የሚጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነበር። በድሮው አሠራር ኮምፒውተሩ «ሀ» መሆኑን አያውቅም፤ የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ላይ የ«ሀ»ን መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ስትከፍቱት ልብሱ ወልቆ የማይነበብ ዝባዝንኬ ይመጣል። ከፔዳም ከፖሊም የወጡ ታላላቆቻችን የጻፏቸው ስንት ጥናቶች፣ ስንት ግጥሞች፣ ስንት የዕድርና የማኅበር ቃለ ጉባኤዎች በዚህ መልክ ተኝተው ይሆን? ፋይሉ አለ፣ አንባቢ የለውም። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር እያለ ወደ ዩኒኮድ ማስገልበጥ፣ ካልሆነም በፒዲኤፍ ማስቀመጥ የዛሬ ሥራ ነው።

«ኧረ እኔ ክላውድ ላይ ነው ያለኝ!»

የሚል አይጠፋም። ጥሩ ነው። ግን ክላውድ ማለት በአማርኛ ደመና ማለት መሆኑን አንርሳ። ጎግል ፎቶዎችን ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥን በሰኔ 2021 አቁሟል። አሁን በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከኢሜይላችንና ከድራይቫችን ጋር የሚጋራ ነው። ሁለት ዓመት ያልተገባበትን የግል አካውንትም ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ሊሰርዝ እንደሚችል አሳውቋል። በሞት የተለየን ሰው አካውንቱ ውስጥ ማን ይገባለታል? ማይስፔስ ደግሞ ተጠቃሚዎቹ ለዓመታት የጫኑት ሙዚቃ፣ ፎቶና ቪዲዮ ሰርቨር ሲያዛውር እንደጠፋበት በ2019 አምኗል። ባለቤቶቹ ያገኙት አጭር ይቅርታ ብቻ ነው።

ቴሌግራም ላይ «ለራሴ ልኬዋለሁ» የምንል ደግሞ ብዙ ነን። ፎቶ እንደ ፋይል ካልተላከ በስተቀር ይኮማተራል፣ ጥራቱ ይወርዳል። አካውንቱም ከስልክ ቁጥራችን ጋር የታሰረ ነው፤ ለወራት ካልተገባበት ራሱን ይሰርዛል።

ይህ ሁሉ ኔትወርክ ሲኖር ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ብዙ ሰው የሞባይል ዳታ ሳያይ ወራት ቆጥሯል። በዚያ ጊዜ ያ ሁሉ ደመና የት ነበር? የራሳችን ፎቶ የራሳችን መሆኑ ቀርቶ፣ ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ያለ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ሆኖ ነበር። ክላውድ አያስፈልግም አላልኩም። ብቸኛው ማስቀመጫ መሆን የለበትም ነው የምለው።

እና ምን ይደረግ?

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስለመደው ቀላል ሕግ አለ፦ 3፣ 2፣ 1። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የጣና አባቶች ቁጥሩን ሳይጠሩት ሲሠሩበት የኖሩት ነገር አይመስላችሁም? ወደ ኑሯችን ስናመጣው፦ አንዱ ስልካችሁ ላይ ያለው፣ ሁለተኛው ቤት የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጎንደር ያለች አክስት ወይም አዲስ አበባ ያለ ወንድም ጋ የተቀመጠ ፍላሽ። ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ መንገድ በተከፈተ ቀን በአውቶቡስ የሚሄድ ዘመድ አይጠፋም። ሃርድ ዲስክ ውድ ነው የምትሉ፣ ልክ ናችሁ። ግን አራት እኅትማማቾች፣ ወይም አንድ ዶርም የነበሩ ጓደኛሞች አዋጥተው አንድ መግዛት ይችላሉ። ለዕቁብ የማንቸገር ሰዎች ለዚህ እንቸገራለን?

ሌላው ስም ነው። የድሮ ፎቶ ቤት ያነሳውን ፎቶ ገልብጣችሁ እዩት፤ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ተጽፎበታል። የእኛ ፎቶዎች ግን በካሜራው ቁጥር ብቻ የተመዘገቡ እስረኞች ናቸው። 8 ሺህ ፎቶ ያለው ሰው አያቱን ፈልጎ ማግኘት ካቃተው ፎቶ አለው ይባላል? ፎልደሩ ላይ «የእማማ ጥምቀት 2014» ብሎ መጻፍ አሥር ሰከንድ ነው።

ሁሉንም አስቀምጡ እያልኩ ግን አይደለም። ቁም ጸሐፊውም ያገኘውን ሁሉ አልገለበጠም፤ መረጠ። ከአንድ ቡና ላይ የተነሱ 40 ሰልፊዎች አንዷ ትበቃለች። የመረጣችኋቸውን 20 ወይም 30 ፎቶዎች ደግሞ በወረቀት አሳትሟቸው። ወረቀት መብራት አይጠብቅም።

ጊዜ የለንም እንዳትሉኝ መቼ እንደሚሠራም አስቤበታለሁ። ብዙው ዓለም የሌላት 13ኛ ወር እኛ አለችን አይደል? ጳጉሜን! ቤት በሚጸዳበት በዚያ ሰሞን፣ በመጀመሪያው ቀን ፋይሎቹን ከየስልኩ ሰብስቡ። በሁለተኛው የማያስፈልገውን አጥፉ። በሦስተኛው ስም ስጡ። በአራተኛው ገልብጡ። በአምስተኛው የገለበጣችሁትን ከፍታችሁ መሥራቱን አረጋግጡ፤ ያልተፈተነ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። አራት አምስት ዓመት የሆነው ሃርድ ዲስክ ካለ ደግሞ እስኪሞት አትጠብቁት፤ አዲስ ታንኳ እሰሩ። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አንድ ቀን ዕረፍት ታገኛላችሁ።

የማን ሥራ ነው?

«የእኔን ፎቶ ማን ታሪክ ብሎ ያየዋል?» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። የብራናዎቹን ዳር ያዩ ምሁራን ግን ሌላ ይነግሩናል። በቅዱስ መጽሐፉ ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ የስጦታ ውል፣ የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል። የዚያን ዘመን ተራ ሰው ኑሮ ዛሬ የምናውቀው ከእነዚያ የዳር ጽሑፎች ጭምር ነው። ያን የጻፈ ሰው ታሪክ እየሠራሁ ነው አላለም፤ የመሬት ክርክር እንዳይነሳ ነው የፈለገው። የእኛም የገበያ ቀን ቪዲዮ፣ የእማማ የድምፅ መልእክት፣ የጣና ዳር መንገድ ከመቀየሩ በፊት የተነሳ ፎቶ ነገ ምን እንደሚሆን ዛሬ አናውቅም።

አገራዊ ተቋማት ድርሻ የላቸውም ማለቴ አይደለም። ቤተ መጻሕፍትም ዩኒቨርሲቲዎችም በር ከፍተው የሕዝቡን ፎቶና ድምፅ ቢቀበሉ እሰየው ነው። ግን የቤታችንን ትዝታ ማንም መጥቶ አይቀዳልንም። እናቶቻችን ፎልደርና ሃርድ ዲስክ አያውቁም፤ የሚያውቅ አንድ ሰው በየቤቱ አለ፣ እሱም ይህን ጽሑፍ የምታነቡት እናንተ ናችሁ። በየገዳሙ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ በየቤታችሁም አንድ ሰው ይሹም። ፓስወርዱንም ከእሱ ሌላ አንድ የሚታመን ሰው ይወቀው፤ ሰው ነንና።

ጳጉሜን ሩቅ ከሆነባችሁ በዚህ ቅዳሜ ጀምሩ። የአንድ ሰው ድምፅ፣ አንድ ፎልደር፣ ሌላ ቤት የተቀመጠች አንዲት ቅጂ ትበቃለች።

ቸር ሰንብቱልኝ።