«ዛሬ ዱቤ የለም» ማለት የሚችል አለቃ

ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ጎጃም በረንዳ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሰሞን አንድ የጅምላ ነጋዴ ለሦስት ሠራተኞቹ የቀኑን ሥራ ሲያካፍል ሰማሁት። «ዛሬ ዱቤ የለም። አዲሱን ዕቃ አትንኩ፤ መጀመሪያ የቆየው ይለቅ። የድሮ ደንበኛ መጥቶ ካስቸገራችሁ ግን ጥሩኝ።» በቃ። አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ።

ንግግሩን ፈታ አድርጋችሁ እዩት። ምን እንደሚሠራ አለበት። ምን እንደማይሠራ አለበት። ሠራተኛው ግራ ሲገባው ማን እንደሚወስን አለበት።

አሁን ወደ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎቻችን እንምጣ። በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት የሚሠራ ወዳጄ አለኝ፤ ድርጅቱን ስም አልጠራም። ሠራተኛው በሙሉ ሆቴል አዳራሽ ተጠርቶ ግማሽ ቀን ስለ «አዲሱ አቅጣጫ» ገለጻ ተደረገለት። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቲሸርት ታደለ፤ ፎቶ ተነሡ። ማታ ስንገናኝ «ታዲያ ከነገ ጀምሮ ምን ትሠራለህ?» አልኩት። «የትናንቱን» አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ የእሱ ክፍል መፍረሱን የሰማው ከአለቃው አይደለም፤ ከቴሌግራም ግሩፕ ነው።

ለእኔ ችግሩ የገለጻ ማነስ አይደለም። ገለጻማ ሞልቷል። የጎደለው «ይህን ትተናል» የሚል አለቃ ነው። ሁሉም ነገር ቅድሚያ የሚሰጠው ከሆነ ሠራተኛው ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም አለቃው በየሳምንቱ የሚጠይቀውን ቁጥር ነው። መድረክ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብላችሁ ሰኞ ጠዋት የምትጠይቁት ስንት እንደተሸጠ ብቻ ከሆነ፣ አቅጣጫችሁ ሽያጭ ነው። ሠራተኛው ሰምቷችኋል፤ የሰማው ግን ሁለተኛውን ነው።

የአገራችንን ትልቁን የቴክኖሎጂ ኩባንያ እንይ። ኢትዮ ቴሌኮም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሦስት የሦስት ዓመት ስትራቴጂዎች አውጥቷል፤ ብሪጅ፣ ሊድ እና አሁን ያለው ኔክስት ሆራይዘን። ለአበዳሪና ለውጭ አቅራቢ የሚመቹ ስሞች ናቸው። መርካቶ ጃንጥላ ሥር ሲም ካርድ የሚሸጠው ልጅ ግን ከሊድ ወደ ኔክስት ሆራይዘን ስንሻገር ምን እንደተለወጠበት ከስሙ አይረዳም።

ይኸው ኩባንያ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ይዞት የመጣውን ስም ደግሞ አስታውሱ፤ ቴሌብር። ቴሌ ብር ሊያንቀሳቅስ ነው። መሐንዲሱም፣ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛዋም፣ የሰፈሩ ወኪልም ማብራሪያ ሳይፈልግ ይገባዋል። በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ኩባንያው ተጠቃሚዎቹ ከ54 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን ገልጿል። ስሙ ብቻውን አመጣው አልልም፤ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መሆኑን የመሰለ የመንግሥት ግፊትም ነበረበት። ሆኖም ያ አቅጣጫ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቃል መውረዱ የሚናቅ አይደለም። መቻላቸውን ስላሳዩን ነው ደግመው እንዲያደርጉት የምንጠይቀው።

የቆየም ትምህርት አለን። በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን አስተዳደሩ ለፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም በኮንትራት ተሰጠ። ራእዩ ትልቅ ነበር። ነገር ግን ስማቸውን በአዲሱ መዋቅር ውስጥ ያላገኙት ሠራተኞች የሚያስታውሱት ራእዩን ሳይሆን ዝርዝሩን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ኖኪያን የማያውቅ መርካቶ የለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ስቴፈን ኤሎፕ ለሠራተኞቹ የጻፈው ደብዳቤ አፈትልኮ ወጣ። ኖኪያን በእሳት ከተያያዘ የባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫ ጋር አመሳስሎ፣ እንዝለል ወይስ እንቃጠል ይላል። ግልጽ ነው፤ ጭካኔም አለበት። ጉድለቱ ወዴት እንደሚዘለል አለመናገሩ ነው። በማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ወደሚሠሩ ስልኮች መሆኑ ይፋ የሆነው ከቀናት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሠራተኛውም ገዢውም የሚያውቀው እጁ ላይ ያለው ስልክ እየተቃጠለ መሆኑን ብቻ ነበር።

ይኸው ሰው በሐምሌ 2014 ማይክሮሶፍት ውስጥ ሆኖ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። በ«ሄሎ ዜር» ሰላምታ ይጀምራል፤ ስለ ምርትና ስለ ስትራቴጂ አንቀጽ በአንቀጽ ይተርካል፤ 12,500 ሰው ከሥራ እንደሚቀነስ የሚናገረው ግን ወደ ታች ከወረደ በኋላ ነው። እንጀራው ሊቋረጥ የሆነ ሰው መርዶውን በስትራቴጂ ወሬ መካከል ሲፈልግ አስቡት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ?

«ሱቅና ኩባንያ አንድ አይደለም፤ ተፎካካሪ አለብን፤ ምስጢር አለብን» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት አለው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ገበያው እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን የሚደበቀው ዋጋና ቀን ነው፤ የሚሄድበትን መንገድ ከተጓዡ መደበቅ አይቻልም። ብዙ ጊዜ «ምስጢር ነው» የሚባለውም አለቆቹ ራሳቸው ገና ያልወሰኑት ነገር ነው። ያልወሰነ አለቃ ደግሞ «አልወሰንኩም፤ እስከዚህ ቀን እነግራችኋለሁ» ቢል ክብሩ አይቀንስም። ዝም ሲል ግን ቦታውን ሐሜት ይይዘዋል፤ ጎበዝ ጎበዙ ሠራተኛ ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራል፤ መሄጃ የሌለው ይቀራል።

ስለዚህ ለሥራ አስፈጻሚዎቻችን አንድ ፈተና ላቅርብ። ከቀጣዩ የአዳራሽ ስብሰባ በኋላ ውጪ ቆማችሁ የመጀመሪያውን ተራ ሠራተኛ ጠይቁት። «ከነገ ጀምሮ ምን ትተዋለህ? ግራ ሲገባህ ማንን ትጠይቃለህ?» ከተንተባተበ ጥፋቱን በእሱ ላይ አታድርጉ። ስላይዱን ዝጉና እንደገና ንገሩት፤ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ እሱ በሚሠራበት ቋንቋ።