የውኃ ማሞቂያ የሙቀት መጠንና የቤተሰብ ወጪ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር

ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ማሻሻያ በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም ነው። የመኖሪያ ቤት ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ስለሚል፣ የውኃ ማሞቂያ (ቦይለር) አጠቃቀም ትኩረት ይሻል። በጎንደር ከተማ፣ በዳባትና በደባርቅ ውኃው ቀዝቅዞ ስለሚገባ ለማሞቅ የሚፈጀው ኃይል ይበልጥ ከፍተኛ ነው።

በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የገባን 50 ሊትር ውኃ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ 75 ዲግሪ ለማድረስ ግን 3.5 ገደማ ይፈጃል። ጥቅም ላይ ያልዋለው ትርፍ ሙቀትም ቀስ በቀስ ይባክናል።

ይሁንና ሙቀቱን ከልክ በላይ መቀነስም ጉዳት አለው፤ ለብ ብሎ የሚቆይ ውኃ የሳንባ ምች ለሚያስከትለው ሌጂዮኔላ ባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። በሌላ በኩል 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ በጥቂት ሰከንዶች ቆዳን ያቃጥላል።

ስለሆነም ተጠቃሚዎች የሙቀት መቆጣጠሪያውን 60 ዲግሪ ላይ እንዲያደርጉ፣ ውኃውን ከቀዝቃዛ ጋር ደባልቀው እንዲጠቀሙ፣ ሕፃናትን ከማጠባቸው በፊትም ሙቀቱን እንዲፈትሹ ይመከራል። መቆጣጠሪያው የተበላሸበት ማሞቂያ ከኤሌክትሪክ ተቋርጦ በባለሙያ መጠገን ይኖርበታል።